በኮተቤ ግቢዎች ውስጥ ስላረጁ ዛፎች አያያዝ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የዛፍ ታሪክ በሠፈር ስሞች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሾላ የሚባል ገበያ አለ፤ ጉርድ ሾላ የሚባል ሠፈርም አለ። ይህ ሁለተኛው ስም በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ያስታወሱት ዛፉን ብቻ ሳይሆን መቆረጡንም ጭምር ነውና። ከዚያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካና በእንጦጦ ተረተር ግርጌ የተዘረጋው ኮተቤም ዛሬ በየግቢው የሚመለከተው ጥያቄ ይኸው ነው። ከቤቱ በላይ የቆመው፣ ከባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጠው ዛፍ ይኑር ወይስ ይቆረጥ? ይኑር ከተባለስ እንዴት ይያዝ?

በኮተቤ ግቢዎች የሚታዩት ሽማግሌ ዛፎች ከሦስት ዘመን የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከከተማው በፊት የነበሩት የደጋ ደን ቅሪቶች ማለትም የሐበሻ ጽድ፣ ወይራ፣ ግራርና አልፎ አልፎም ኮሶ ናቸው። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ማገዶ እየተመናመነ ሄዶ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ግን ፈጥኖ በማደጉ ከተማዪቱን በቦታዋ አጸናት። ከዚህ ጋር ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ሦስተኛዎቹ ቤት የሠሩ ሰዎች ለጥላና ለውበት የተከሏቸው የፈረንጅ ጽድ፣ ግራቪሊያ፣ ጃካራንዳና ቁንዶ በርበሬ ናቸው። እነዚህን ሁሉ «ዛፍ» በሚል አንድ ስም ጠርቶ በአንድ መጥረቢያ ማስተናገድ የስሕተቶች ሁሉ መነሻ ነው።

ስለ ባለቤትነትም አንድ ነገር መነሣት አለበት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ብዙ ቤቶችን ከተከራይ ጋር ሲያገናኝ በግቢው ያለውን ዛፍ የተከለውን ሰው ግን ከዛፉ ለየው። ከዚያ ወዲህ የኖረው ነዋሪ ከጥላው ሥር ተቀምጧል፤ ፍሬ ካለውም ለቅሟል፤ ይሁን እንጂ ለመግረዝ ገንዘብ የማውጣቱ ጉዳይ የማን እንደሆነ ሳይለይ ቀረ። ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ይላል፤ አከራዩ ኪራይ እንጂ ዛፍ አይቆጥርም። ለሃምሳ ዓመታት ያህል ማንም ያልነካው ቅርንጫፍ በአንድ የሐምሌ ነፋስ ጣሪያ ላይ ቢወድቅ የሚያስደንቅ አይሆንም። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ርምጃ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የተረሳው ዛፍ በአንድ ቀን ውስጥ አናቱ ይቀላል።

አናት መቅላት በከተማው እጅግ የተለመደ «እንክብካቤ» ሆኗል። በረጅሙ ዛፍ ላይ ሰው ይወጣል፤ ዋናውን ግንድ ከመካከሉ ይቆርጠዋል፤ ዛፉም እንደ ምሰሶ ቆሞ ይቀራል። ባለቤቱ አደጋው ቀነሰ ብሎ ያምናል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ከተቆረጠው አፍ ዙሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ አረንጓዴ በመሆኑም የዳነ ይመስላል። ነገር ግን አዲሶቹ ቀንበጦች የበቀሉት ከቅርፊቱ ሥር እንጂ ከእንጨቱ እምብርት አይደለም፤ ከግንዱ ጋር የሚያያዙትም በስሱ ነው። ከታችም የተከፈተው ሰፊ ቁስል ዝናም እየጠጣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከዐሥር ዓመት በኋላ ያ ግቢ ከቀድሞው የባሰ አደጋ ይጠብቀዋል። የሐበሻ ጽድ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ያን ያህል እንኳ አይቆይም። ጽድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት አያቆጠቁጥም፤ ቅርንጫፉን ጨርሶ ያጣ ጽድ ያበቃለት ጽድ ነው። ወይራ ግን ከጉቶውም ሳይቀር ያቆጠቁጣል። ይህን ልዩነት የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በከተማ የጠፋው ዕውቀት አንዱ ይኸው ነው።

ዛፍ ቁስሉን እንዴት እንደሚይዝ በሚገባ የተጻፈው በቅርቡ ነው። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ብዙ ሺህ ግንዶችን በመጋዝ ሰንጥቆ ከመረመረ በኋላ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን እንደማያድን አስረዳ። የሞተው ሕዋስ አይተካም፤ ዛፉ የሚያደርገው ብስባሹን በግድግዳ ከልሎ በላዩ አዲስ እንጨት ማልበስ ነው። ከዚህ የሚከተለው የአሠራር ደንብ ቀላል ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ ክፍል ይታያል፤ መከላከያው የሚሠራው ከዚያ ስለሆነ መጋዙ ከአንገትጌው ውጭ ማረፍ አለበት። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨት አንገትጌውን ይገድለዋል፤ ረጅም ጉቶ ማስቀረትም ለብስባሽ በር ይከፍታል። ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን በመጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ከሥር መብጣት፣ ቀጥሎ ከብጡ ትንሽ አልፎ ከላይ መቁረጥ፣ በመጨረሻም የቀረውን ጉቶ ከአንገትጌው ጫፍ ማንሣት ይገባል። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወርድ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይሄዳል። ቁስሉን በቀለም ወይም በሬንጅ መቀባት ደግሞ የልብ ማጽናኛ ከመሆን አያልፍም።

እዚህ ላይ የደመወዝ ነገር መነሣት አለበት፤ በባለሙያዎች ስብሰባ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነውና። በየሠፈሩ ዛፍ የሚቆርጠው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በከፊል ወይም በሙሉ በእንጨቱ ነው። ዋጋው በሚቆረጠው መጠን የሚያድግ ሰው አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ አንሥቶ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይሆናል። ሠራተኛውን መውቀስ አይገባም፤ ውሉ ነው የተበላሸው። ገንዘቡ ለሥራው ይከፈል፣ እንጨቱ ለባለቤቱ ይቅር ቢባል ብቻ በኮተቤ ከሚቀሉት አናቶች ብዙዎቹ በቦታቸው ይቆዩ ነበር።

ከመጋዝ ይልቅ አሮጌ ዛፍን የሚገድለው ግን በሥሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እርሱም የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ተጠያቂ አይገኝለትም። አብዛኞቹ መጋቢ ሥሮች ከመሬቱ ገጽ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ተዘርግተው ከቅርንጫፎቹ ጥላ ወሰን አልፈው ይሄዳሉ። ግቢው እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ሲለብስ፣ ለአጥር መሠረት ቦይ ሲቆፈር፣ የግንባታ አፈር በግንዱ ላይ ሲከመር አየርና ውኃ ይቋረጣል። ዛፉ በመጀመሪያ ከአናቱ ይመለምናል፤ ባለቤቱም «በሽታ ገባበት» ይላል። ቢያንስ ከጥላው በታች ያለው መሬት ክፍት ሆኖ በደረቅ ቅጠል ቢጎዘጎዝ፣ ጉዝጓዙም ግንዱን ሳይነካ ቢቀር፣ በበጋ ከሚሰጠው ውኃ ይልቅ ይጠቅመዋል።

መሐንዲሶች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ከኮረብታው ዝቅ ብሎ ጥቁር የሸክላ አፈር በሚገኝበት ቦታ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ውኃ የሚስብ ትልቅ ባሕር ዛፍ ከግድግዳ አጠገብ ሲቆም መሬቱን ይበልጥ ስለሚያደርቀው ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ሆኖም ያን ዛፍ በድንገት መቁረጥም ሌላ ጣጣ አለው፤ ለብዙ ዓመታት ደርቆ የኖረው ሸክላ ውኃ ሲያገኝ ተነፍቶ ያንኑ ቤት ከሥሩ ያነሣዋል። ውሳኔው ከመቆፈሪያና ከውኃ ልክ ጋር እንጂ ከመጥረቢያ ጋር መጀመር የለበትም።

ውስጡ ባዶ የሆነ ዛፍ ሁሉ ወዳቂ ነው የሚለው እምነትም መታረም ይገባዋል። ቧንቧ ባዶ ነው፤ ግን ይቆማል። ባለሙያዎች እንደ መነሻ የሚወስዱት ልክ የቀረው ጤነኛ ግድግዳ ውፍረት ከግንዱ የእምብርት ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን የሚል ነው፤ ይህም ቢሆን የዛፉን ቁመት፣ ዘንበል ማለቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ሳያዩ የሚጠቀሙበት ልክ አይደለም። ግንዱን በእንጨት መዶሻ እየዞሩ መምታት፣ ከሥሩ እንጉዳይ መብቀል አለመብቀሉን፣ በአንድ ወገን አፈሩ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን መመልከት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ስለ ባሕር ዛፍ ግልጽ ፍርድ ቢሰጥ ይሻላል። በጠባብ ግቢ፣ ከጣሪያ በላይ የሚወዛወዝ ትልቅ ባሕር ዛፍ ቦታው እዚያ አይደለም፤ በሥርዓት ከላይ ወደ ታች እየተከፈለ ቢነሣ ማንም ሊያዝንለት አይገባም። ወይራና የሐበሻ ጽድ ግን በሰው ዕድሜ የማይተኩ ስለሆኑ ቤቱ ከእነርሱ ጋር እንዲስማማ ይታቀድ እንጂ እነርሱ ለቤቱ መሥዋዕት አይሁኑ። የአጥር መሥመር አንድ ሜትር ቢገፋ የሚጎዳው ፕላኑ ብቻ ነው።

ተተኪውም ሽማግሌው ከመሞቱ በፊት መተከል አለበት። የጽድ ችግኝ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ፣ መሬቱ ውኃ ከጠገበ በኋላ፣ ከአሮጌው ጥላ ወጣ ብሎ ይተከላል፤ ፕላስቲኩ ተቀዶ ይወጣል፤ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይቆረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠጣት በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት የተሻለ ነው። በግቢው ፍየል ወይም በግ ካለ ደግሞ ችግኙ ከጉድጓዱ በፊት አጥር ይፈልጋል።