የጂኦግራፊ ምሁር ለምን ማኅበር ያስፈልገዋል?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ርእስ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንጂ ለመሰላ ተማሪ የማይመለከት መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ከደጃችን የሚጀምር መሆኑን በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አሳስባለሁ።

ብዙ ሰው ጂኦግራፊ ማለት የወንዞችንና የዋና ከተሞችን ስም በቃል መያዝ ይመስለዋል። ስም ማወቅ መልካም ነው፤ ግን ስም የትምህርቱ ደጃፍ ነው፤ ቤቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ጂኦግራፊ የሚጠይቀው፣ «ይህ ነገር ስለ ምን እዚህ ሆነ? እዚያስ ስለ ምን አልሆነም?» ብሎ ነው። ስለ ምን በደጋው ቡናና ጫት ሲለማ በሚኤሶ ቆላ ከብትና ግመል በዛ? ስለ ምን አንዱ ቀበሌ ዝናብ ሲያገኝ ጎረቤቱ ሰማይ ሰማይ ያያል? ይህን የሚመረምር ሰው የጂኦግራፊ ምሁር ይባላል።

የኬሚስትሪ ምሁር ሥራውን የሚሠራው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። የጂኦግራፊ ምሁር ግን ላቦራቶሪው አገር ነው። ለምሳሌ የራሳችንን የጨርጨርን ተራራ ተመልከቱ። በሰሜኑ ገጽ የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያዘግማል፤ በደቡቡ ገጽ የወረደው ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ይጓዛል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ዋቢ ሸበሌ ግን ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ይገባል። በአንድ ሸንተረር ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች እንዲህ ይለያያሉ። ታዲያ አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱንም ተከትሎ የት ይደርሳል? አንዱ በአፋር፣ አንዱ በኦጋዴን፣ አንዱም በተራራው ራስ ላይ ሆነው የለኩትን ሊያስተያዩ ይገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ያገለግላል።

ገበሬያችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ማሽላው ሲደርስ ጎረቤቱን በደቦ ይጠራል፤ በአካባቢያችንም ይህ ጉዛ ይባላል። የጉዛ ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ዛሬ የተረዳ ሰው ነገ ሲጠራ ይሄዳል። የምሁራን ማኅበርም የቆመው በዚሁ ሕግ ላይ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንሻገር። የመጀመሪያው የጂኦግራፊ ማኅበር በፓሪስ በ1821፣ የሎንዶኑ ማኅበር ደግሞ በ1830 ተመሠረተ። በእነዚህ ማኅበሮች መንገደኞች፣ መርከበኞች፣ የጦር መኰንኖችና ባለጸጎች በብዛት ይሰበሰቡ ነበር። ብዙ አዲስ ነገር ለዓለም አሳውቀዋል፤ ነገር ግን ከሠሯቸው ካርታዎች አንዳንዶቹ አፍሪካን ለመቀራመት ለመጡ ኃይሎች መንገድ ማሳያ እንደሆኑ ልንረሳ አይገባንም። ዕውቀት በማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅም የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ነው።

የሎንዶኑ ማኅበር በ1887 ገንዘብ አውጥቶ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ አስተማሪ እንዲቀመጥ አደረገ፤ ሹመቱም ለሃልፎርድ ማኪንደር ተሰጠ። ማኅበር ለአንድ የትምህርት ዓይነት በዩኒቨርሲቲ ወንበር ሊያስገኝ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። በ1893 ደግሞ በዚያው አገር የትምህርት ቤት መምህራን የጂኦግራፊ ማኅበር አቋቋሙ። ካሰባሰቧቸው ጉዳዮች አንዱ በፋኖስ ብርሃን ግድግዳ ላይ የሚታዩ የመስተዋት ሥዕሎችን እርስ በርሳቸው ለመዋዋስ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ሁሉንም መግዛት ባይችል አንዱ የሌላውን ተውሶ ያስተምራል።

በአሜሪካ በ1904 በዊልያም ሞሪስ ዴቪስ መሪነት የጂኦግራፊ ምሁራን የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በእንግሊዝ አገርም የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1933 ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። ምክንያቱም ነባሩ ማኅበር ለጉዞ ታሪክ ያደላ ስለነበረ፣ የምርምር ጽሑፎቻቸውን የሚያትምላቸው አጡ። ስለዚህ የራሳቸውን መጽሔት አወጡ። ሁለቱ ማኅበሮች በ1995 ተመልሰው አንድ ሆነዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ማኅበር አባሎቹን መስማት ሲያቆም አባሎቹ ሌላ ደጅ እንደሚፈልጉ ነው።

ማኅበር በሩን በመዝጋትም ሊያጠፋ ይችላል። የሎንዶኑ ማኅበር በ1892 እና በ1893 ጥቂት ሴቶችን በአባልነት ከተቀበለ በኋላ ለሌሎች ሴቶች በሩን ዘጋ፤ እንደገና የከፈተው በ1913 ነው። በእነዚያ ሃያ ዓመቶች ስንት ዕውቀት ከደጅ እንደቀረ ማን ይቈጥረዋል?

እንግዲህ ማኅበር ለጂኦግራፊ ምሁር የሚሰጠው እርዳታ በአራት ይከፈላል። አንደኛ፣ ሰሚና ነቃፊ ይሰጠዋል። ምሁሩ ያገኘውን በጉባኤ ላይ ሲያነብ ባልደረቦቹ «ይህን እንዴት ለካኸው? በዚያኛው አገር ለምን እንዲህ አልሆነም?» ብለው ይጠይቁታል። ነቀፌታ የሚያስቀይም ቢመስልም ስሕተትን ገና መጽሐፍ ሳይገባ የሚይዝ እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራውን በመጽሔት ያትምለታል፤ ያልታተመ ጥናት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና። ሦስተኛ፣ ወጣቱን ከአንጋፋው ጋር ያገናኛል፤ ለመስክ ሥራ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ይፈልግለታል። አራተኛ፣ ስለ ትምህርቱ ይሟገታል፤ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ይቀነስ ሲባል አንድ መምህር ብቻውን ቢናገር አይሰማም፣ ማኅበር ሲናገር ግን ይሰማል። በዓለም ደረጃም በ1922 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጂኦግራፊ ኅብረት የልዩ ልዩ አገር ምሁራንን ያገናኛል።

በአገራችን ዘመናዊው የከፍተኛ ትምህርት በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተጀመረ። ከጂኦግራፊ ምሁራኖቻችን መካከል ስማቸው በይበልጥ የሚታወቀው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው፤ በ1930 ተወልደው በ2020 ዐርፈዋል። የኢትዮጵያን አትላስ አዘጋጅተዋል፤ በ1972 የታተመው የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መግቢያ መጽሐፋቸውም ብዙ ተማሪ አስተምሯል። በ1963 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የጂኦግራፊ መጽሔት በእንግሊዝኛ መውጣት ጀመረ፤ ፕሮፌሰር መስፍንም በ1964 ስለ አዋሽ ሸለቆ የጻፉትን በዚሁ መጽሔት አወጡ። ነገር ግን መጽሔቱ ከጥቂት ዓመቶች በኋላ ተቋረጠ። መጽሔት ሲቋረጥ አንድ ወረቀት ብቻ አይቀርም፤ ምሁራን በአገራቸው የሚከራከሩበት አደባባይም ይዘጋል።

ያን ጊዜ ዕውቀቱ የት ይሄዳል? ሌላ አደባባይ ወዳለበት ይሄዳል። ሮናልድ ሆርቫት የተባለ ምሁር በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለውን የባሕር ዛፍ ደንና የእርሻ አቀማመጥ፣ ፎን ቲውነን የተባለው ጀርመናዊ በ1826 ስለ ከተማ ዙሪያ እርሻ ካቀረበው ሐሳብ ጋር አስተያይቶ ጻፈ። ጽሑፉ በ1969 የታተመው በአሜሪካኑ የጂኦግራፊ ምሁራን ማኅበር መጽሔት ነው። የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ የሚማግደው እንጨት በሩቅ አገር ተማሪ ዘንድ የታወቀ ምሳሌ ሆነ።

ወደ ራሳችን አገር ብንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። በ1981 በእርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተጀመረ፤ መሪው ሐንስ ሁርኒ የተባሉ የጂኦግራፊ ምሁር ነበሩ። ከጣቢያዎቹ አንዱ በዚሁ በጨርጨር ደጋ በሁንዴ ላፍቶ ተተከለ። በእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች አንድ ቁራሽ ማሳ ዙሪያው ይታጠርና ጎርፉ ያጠበው አፈር ከታች በተቀበረ በርሜል ይጠራቀማል፤ ከዚያም ይመዘናል። በዚህ ዘዴ ዝናብ ከእርሻችን በየዓመቱ ምን ያህል አፈር እንደሚወስድ በግምት ሳይሆን በሚዛን ይታወቃል። ፕሮፌሰር ሁርኒ በ1988 ስለ ኢትዮጵያ ደጋዎች መራቆትና አጠባበቅ የጻፉት ጽሑፍ የወጣው ዓለም አቀፉ የተራራ ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ነው።

እንደዚሁም በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ ዋሻዎች ውስጥ ከጣሪያው በሚንጠባጠብ ውሃ ከወለል ወደ ላይ ያደጉ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ። ድንጋዩ ንብርብር እየጨመረ ስለሚያድግ የጥንቱን የዝናብና የድርቅ ዘመን ምልክት ይይዛል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ አስፋወሰን አስራትና መሐመድ ኡመር ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን መርምረው በ2007 ጽፈዋል። ያሳተመላቸውም የምድርን የቅርብ ዘመን የሚያጠኑ ምሁራን በእንግሊዝ አገር ያቋቋሙት ማኅበር መጽሔት ነው።

እነዚህ ማኅበሮች መልካም ሠርተዋል፤ እነርሱ ባይኖሩ ጥናቱ ከመሳቢያ ባልወጣ ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። አፈሩ የተመዘነው የጨርጨር ገበሬ፣ ዋሻው በአጠገቡ ያለው የመቻራ ተማሪ፣ ይህን መቼ አነበበ? ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያለውም በሩቅ ቤተ መጻሕፍት ነው። በጉዛው ሕግ ብንሄድ ዕዳ አለ ማለት ነው። ገበሬው ማሳውን ሰጥቷል፤ ዕውቀቱ ግን ወደ ማሳው አልተመለሰም። ስለዚህ የአገራችን የጂኦግራፊ ማኅበር ከአራቱ ሥራዎች ሌላ አምስተኛ ሥራ ሊኖረው ይገባል እላለሁ፤ ይኸውም በየአገሩ የተጠናውን በሕዝቡ ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አሳጥሮ ለየትምህርት ቤቱ መላክ ነው። ማኅተምና የደብዳቤ ወረቀት ብቻ ያለው፣ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስቦ ምሳ በልቶ የሚለያይ ማኅበር ይህን አይሠራም። የትምህርት ቤት መምህራን በአባልነት የገቡበት ማኅበር ግን ይሠራዋል፤ ጥናቱ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ተማሪዎች ሆይ! እናንተ ደግሞ ማኅበር እስኪመጣላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ የጂኦግራፊ ማኅበር አቋቁሙ። መጀመሪያ ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይተከል። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጠራቀመውን ዝናብ በማስመሪያ ለኩና በመዝገብ ጻፉ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ሜትር ካሬ መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ መሆኑን አስታውሱ። ያልለካችሁበት ቀን ቢኖር ቦታውን ባዶ ተዉት፤ ከራስ አውጥቶ መሙላት መዝገቡን በሙሉ ያበላሻል።

ቀጥሎም በአሰበ ተፈሪ፣ ማለት በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ላሉ ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጻፉ። የመሰላ መዝገብ ብቻውን የሚናገረው ስለ መሰላ ነው፤ የስድስት ከተማ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ዝናቡ ከደጋ ወደ ቆላ እንዴት እንደሚቀንስ፣ ክረምቱ የት ቀድሞ እንደሚገባ ያሳያል። በሚቀጥሉት ዓመቶች በዚህ መጽሔት ላይ ሠንጠረዡን ብታወጡት፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተመራማሪ እናንተን መጠየቅ ይጀምራል።

ልጃገረዶችም በዚህ ማኅበር ጸሐፊና ሊቀ መንበር ሊሆኑ ይገባል። ሎንዶኖች ሃያ ዓመት ያባከኑበትን ነገር እኛ መድገም አያስፈልገንም።

ወላጆች ሆይ! እናንተም የማኅበሩ አባሎች ናችሁ። የየኮረብታውን ስም፣ የደረቀውን ምንጭ፣ የተመነጠረውን ደን የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ። ልጆቻችሁ ደብተር ይዘው ሲጠይቋችሁ እባካችሁ ጊዜ ስጧቸው። ልጅቱ ዝናብ የምትለካበት ሰዓት ሲደርስም ለአንድ አፍታ ከሥራ ልቀቋት።

መምህራን ሆይ! ልጆቹ የሚሰበስቡትን የሚያርምና የሚያቆይ ከሌለ ሥራው በአንድ ዓመት ይጠፋል። ተማሪ ያልፋል፤ መዝገቡ ግን በቤተ መጻሕፍት ይቆይ። ምሁርን የሚያቆመው ማኅበር የሚጀምረው እንዲህ ካለ መዝገብና ከጥቂት ታማኝ ሰዎች ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን እንዲያፈራ ፈጣሪ ይርዳን።