የምግብ ገደብ ላለባቸው ወገኖች የሚሆን የሰላጣ ማጣፈጫ በቤት ውስጥ ስለማዘጋጀት



ኮቪድ-19 በአገራችን መኖሩ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ወገኖች በቫይረሱ ቢያዙ ሕመሙ ሊጸናባቸው እንደሚችል በተደጋጋሚ ስንገልጽ ቆይተናል። ያለ በቂ ምክንያት ከቤት እንዳይወጡ፣ ጭምብል እንዲያደርጉ፣ እጃቸውን እንዲታጠቡም በወረርሽኙ ወቅት መክረን ነበር። ዛሬ የምናገረው ግን በቤታቸው፣ በሳህናቸው ላይ ስላለው ነገር ነው። ግፊቱ ወይም ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣ ሰው፣ ቫይረሱ ባያገኘው እንኳ ለስትሮክና ለኩላሊት ጉዳት ይጋለጣል። የታዘዘን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ቀዳሚው ነገር ነው፤ ምግብ ከዚያ ይከተላል።

ለሕሙማን ከሚሰጠው ምክር ሁሉ ቶሎ የሚተወው ጨው ስለመቀነስ የሚነገረው ይመስለኛል። «ጨው ቀንሱ» ይባላሉ እንጂ በጨው ፈንታ ምን እንደሚገባ አይነገራቸውም። በቤትም የእነርሱ ምግብ አልጫ ሆኖ ለብቻው ይቀርብላቸዋል፤ ቤተሰቡ ከሚበላው ተለይተው «የበሽተኛ ምግብ» ይበላሉ። እንዲህ ያለውን ማዕድ ሦስት ቀን የሚታገሥ እንጂ ሦስት ዓመት የሚታገሥ ሰው ብዙ አይገኝም። የደም ግፊት ደግሞ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

ሰላጣን የመረጥሁት ለዚህ ነው። ቅጠሉ፣ ቲማቲሙ፣ ኪያሩ፣ ጥቅል ጎመኑ በተፈጥሮው ያለው ጨው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጨውን፣ ስኳርንና ትርፍ ቅባትን የምናስገባው በማጣፈጫው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ሲሆን በወጡና በዳቦው ውስጥ ያለውንም ይጨምራል። በገበያ የሚሸጡት ማዮኔዝና ካቻፕ ጨው አላቸው፤ ካቻፕ በዚያ ላይ ስኳር አለው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የራሱን ጓዳ ነው። ጨው ትቻለሁ የሚል ሰው ሚጥሚጣ ሲነሰንስ፣ በአዋዜ ሲያጠቅስ ይታያል፤ ሁለቱም ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል።

ጨው ሲጎድል ምላስን የሚያረካው ጎምዛዛው፣ የሚያቃጥለውና መዓዛው ነው። ለአራት ሰው የሚበቃ ማጣፈጫ ለማዘጋጀት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል። ከነጭ ሽንኩርት ራስ አንድ ፍሬ ተፈልቅቆ ይወቀጣል፤ ቃሪያ ደቅቆ ይከተፋል፤ ተቆልቶ የተፈጨ ድንብላል ወይም ጥቁር አዝሙድ በጣት ቁንጥር ይታከልና ጠርሙሱ በኃይል ይነቀነቃል። ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ነጭ ሽንኩርቱ ጣዕሙን ይሰጣል። ዘይቱ የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ቢሆን ይመረጣል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው የሚረጋ ቅባት ነው፤ በብርድ ጊዜም ስለሚረጋ ለሰላጣ አይመችም። ጥሩ ዘይትም ቢሆን መጠን አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይይዛል።

የማዮኔዝን ውፍረት ለሚወድና ለጾመኛ ደግሞ ተልባ አለን። ለስለስ ብሎ የታመሰና የተፈጨ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በአንድ የቡና ሲኒ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይወፍራል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲገባበት ዘይት ሳይጨመርበት ቅጠሉን ይይዛል። ከሁሉም ይልቅ እኔ የምወደው ይህን ነው። ሰናፍጭም እንዲሁ በቤት ተፈጭቶ ያለ ጨውና ያለ ስኳር ሊበጠበጥ ይችላል።

ጨጓራቸውን የሚያማቸው ሎሚና ሰናፍጭ ላይስማማቸው ይችላል። ለእነርሱ ከተፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ፣ ደቅቆ የተከተፈ ኪያርና በሶብላ ይበቃል። ማዮኔዝን በቤት በጥሬ እንቁላል መሥራት ግን ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች አይመከርም።

ያለ ጨው የተዘጋጀ ሰላጣ መጀመሪያ የጎደለው ነገር ያለ ይመስላል። ምላስ ግን በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ስለዚህ ሰላጣው ለቤተሰቡ ሁሉ ያለ ጨው ቢሠራ፣ ጤነኛው ከፈለገ አዮዲን ያለው ጨው በራሱ ሳህን ላይ ቢጨምር ይሻላል። በወረርሽኙ ጊዜ ከአንድ ትሪ መብላትንና መጎራረስን ትተን በየሳህናችን እንድንመገብ መመከራችን ለብዙዎቻችን ከብዶን ነበር፤ በየሳህን መመገብ ለዚህ ጉዳይ ግን ይመቻል። ሁሉም ከአንድ ሰላጣ ይቋደሳል፤ ታማሚውም ተለይቶ አይበላም።

የኩላሊት ሕሙማን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ቲማቲም፣ አቮካዶና ቆስጣ ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ለእነርሱ ሰላጣ ቅጠል፣ ጥቅል ጎመንና ኪያር ይቀላሉ። እርጎና ተልባን በተመለከተም ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች በቅን ልቦና የሚልኩት «የጨው ምትክ» አብዛኛውን ጊዜ ከፖታሲየም የተሠራ ነው። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው፣ እንዲሁም ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው ይህ የልብ ምትን እስከማዛባት ሊደርስ ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙበት።

ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ወረርሽኙ እንደገባ በገበያ ሲሻሙባቸው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለምግብ መልካም ናቸው፤ ኮቪድ-19ን እንደሚከላከሉ ወይም እንደሚያድኑ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን የለም። ሎሚውና አቼቶው ቅጠል ላይ ያለውን ጀርምና የጥገኛ ትል እንቁላል ይገድላል ብሎ መተማመንም አይገባም። እጅ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተለያይቶ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ውኃው የሚያጠራጥር ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይለቅለቅ። አትክልትን በሳሙና ወይም በበረኪና ማጠብ ለጉዳት ይዳርጋል።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍዝፎ ከፍሪጅ ውጭ ቢሰነብት ቦቱሊዝም የተባለውን ለሕይወት አስጊ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ሽታውና መልኩም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ማጣፈጫው በጥቂቱ ተዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሦስት ቀን ውስጥም ይለቅ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ማዘጋጀት፣ የተረፈውንም መድፋት ነው።