የጭነት ባቡርን ስለ ማየትና ታሪኩን ስለ መጻፍ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከአዳማ ከተማ ወጣ ብሎ አዲሱ ሐዲድ በሚያልፍበት ሜዳ አጠገብ፥ ወደ ማታ ገደማ፥ ሦስት አራት ወጣቶች ቆመው ብታዩ መንገድ የጠፋቸው አይምሰሏችሁ። የሚጠብቁት የጭነት ባቡርን ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው ባቡር ኮንቴይነሩን በተርታ አስከትሎ ብቅ ሲል ስልካቸውን አንሥተው ያነሡታል፤ ፉርጎውን አንድ ሁለት እያሉ ይቈጥራሉ፤ ቤታቸውም ሳይደርሱ በፌስቡክና በቴሌግራም ለወዳጆቻቸው ያካፍሉታል። ከዚያው ጐንም ከአያቶቻቸው ሣጥን የተገኘ የጥንት ባቡር ፎቶግራፍ ይለጥፋሉ። ይህ ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም በመጀመሪያ ከእነዚሁ ሰዎች ወገን ነበርሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ሐሳቤን ስለ ምን እንደ ለወጥሁና ከእነዚህ ወጣቶች ደግሞ ምን እንደምለምን ነው።

አዳማ የሐዲድ ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ ለማሠራት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት መካከል በተነሣው ክርክር ምክንያት ለብዙ ዓመት ቆመ። እንደገና ሲቀጥል አዋሽን ተሻግሮ፥ በመተሐራ፥ በአዳማ፥ በሞጆና በቢሾፍቱ አድርጎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፥ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ ልክ አንድ ሜትር ነበር። ባቡሩ በሚቆምበት ስፍራ ሁሉ ሻይ የምታፈላ ሴት፥ ጭነት የሚያወርድ ኩሊና እህል የሚገዛ ነጋዴ ተሰበሰቡ፤ ከተማውም ከዚያ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለ ነበር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም በአዋሽና በድሬዳዋ ያድር ነበር። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የተባለው ሆቴል የተወለደው ከዚሁ አዳር ነው።

ሐዲዱ ያልደረሰባቸውም ከተሞች ቢሆኑ ታሪካቸው ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ከናዝሬት ተነሥቶ እስከ ዲላ የሚደርስ፥ ወደ 310 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ለመዘርጋት ታቅዶ ነበር፤ ምክንያቱም የደቡቡ ቡና ነው። ነገሩ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ቡናውም በሻሸመኔና ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ አድርጎ በካሚዮን ወደ ሞጆ መውጣቱን ቀጠለ። ሐዲዱ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ የሐይቆቹ አገር ከተሞች ምን ይመስሉ እንደ ነበር እያሰብሁ አንዳንድ ጊዜ እገረማለሁ።

የቀድሞው ባቡር ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአዳማ በኩል ማለፉን አቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የዘወትር አገልግሎቱንም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። እስከ 2016 ዓ.ም. ሥራውን ይመሩ የነበሩት ቻይናውያን ሲሆኑ፥ ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ሰዎች እጅ ነው። ወጣቶቹ በአዳማ መቆማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰበታ እስከ አዳማ መስመሩ መንታ ሲሆን ከአዳማ ወዲያ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በአዳማና በሞጆ መካከል ወጪውና ወራጁ ባቡር ጐን ለጐን ሲተላለፉ ማየት ይቻላል፤ በመተሐራ በኩል ግን አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ግን ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ የነገረኝ ቃል ነው። «ጌታዬ፥» አለኝ፤ «ወደ ላይ የሚወጣውና ወደ ታች የሚወርደው ድምፁ አንድ አይደለም።» ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወጣው ሞልቶ ነው፤ ሐዲዱን ተጭኖት በከባዱ ያልፋል። ወደ ጅቡቲ ከሚወርደው ውስጥ ግን ብዙው ኮንቴይነር ባዶ ስለ ሆነ ይንኳኳል። አገራችን ወደ ውጭ ከምትሸጠው ይልቅ ከውጭ የምትገዛው እንደሚበልጥ በመጽሐፍ ያነበብሁትን ነገር ይህ ልጅ በጆሮው ሰምቶ ዐውቆታል። ማዳበሪያው ከክረምት በፊት መቼ እንደ ገባና ቡናው መቼ እንደ ወረደም በደብተሩ ላይ ጽፏል። እንዲህ ያለውን ሰው ሥራ ፈት ማለት አልቻልሁም።

እንግዲህ ልመናዬን ልናገር። ወጣቶቹ አዲሱን ባቡር በሚያነሡበት ጊዜ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋሉ። የጥንቱን ፎቶግራፍ ሲለጥፉ ግን ከሌላ ሰው እንዳገኙት፥ ሳይመረምሩ ያሳልፉታል። ከዚህ የተነሣ አንዱ ሥዕል ዛሬ አዋሽ፥ ነገ ድሬዳዋ፥ ከነገ ወዲያ ደግሞ አስመራ እየተባለ ይዞራል። ፎቶግራፉ ግን ለጠየቀው ሰው ራሱ ይናገራል። በሞተሩ ራስ ላይ የእንፋሎት ጢስ ቢታይ የናፍጣ ሞተር በ1940ዎቹ መግባት ስለ ጀመረ፥ ሥዕሉ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የተነሣ ነው። ሊቶሪና የተባለው ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ቢታይ ከጣልያን ወረራ ዘመን ወዲህ ነው። በፉርጎው ላይ የተጻፈው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ስም ቢሆን ከ1973 ዓ.ም. ገደማ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሆኗል። የጣቢያው ስም ናዝሬት ተብሎ ተጽፎ ቢገኝም ይህ ራሱ ምስክር ነው፤ ከተማዋ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይህ ስም ተሰጥቷት በ1992 ዓ.ም. አዳማ ወደሚለው ስሟ በይፋ ተመልሳለች።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የመተሐራው የበሰቃ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ ከ1950ዎቹ ወዲህ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እስኪሆን ድረስ ሰፍቷል። ሐዲዱንና የመኪናውን መንገድ ስላሰጋቸው መደባቸውን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ ውሃው ከሐዲዱ ርቆ ወይም ቀርቦ መታየቱ ስለ ዘመኑ ይነግረናል።

ፎቶግራፉ የማይናገረውን ግን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንድ እሑድ ከዚያ ባለ ደብተር ልጅ ጋር በአዳማ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፥ በምድር ባቡር ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ፥ የተገለበጠ ባቡር የሚያሳይና ብዙ ሺህ ሰው የተቀባበለው ሥዕል አሳያቸው። ከሥሩ «የአዋሽ አደጋ፥ 1977» የሚል ተጽፎበታል። እንደምታስታውሱት በጥር ወር 1977 ዓ.ም. የመንገደኛ ባቡር በአዋሽ አጠገብ ኩርባውን በፍጥነት ሲዞር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፥ ይህ አዋሽ አይደለም፤» አሉ። «አዋሽ ገደል ነው፥ ይህ ሜዳ ነው። ደግሞም ይህ የእህል ፉርጎ ነው። አዋሽ ላይ የገባው ሰው የጫነ ነው።»

«አባባ፥ ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚለጥፈው» አላቸው ልጁ።

«እኔ እዚያ ባልደረባ ሞቶብኛል። የእርሱን ሞት የእህል ፉርጎ አደረጋችሁት።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም የምናገረው ጠፋኝ። ሽማግሌው ግን የተቈጡ አይመስሉም ነበር፤ ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ «ሌላም ካለህ አሳየኝ» አሉት። ልጁ የሚቀጥለውን ሥዕል ሲያወጣ የቦታውን ስም፥ የሞተሩን ዓይነት፥ በደረጃው ላይ የቆመውንም የባቡር ነጂ ስም ከነአባቱ ነገሩት። እርሱም በደብተሩ ጻፈው። ከዚያ ቀን በፊት ያን ሰው በፌስቡክ ላይ ያዩት ሁሉ «አንድ ባቡረኛ» ብቻ እያሉ ነበር የሚያልፉት። የምለምነው እንግዲህ ይህን ያህል ነው። በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመተሐራና በአዋሽ እንደ እርሳቸው ያሉ ጡረተኞች አሉ፤ በያመቱም ቍጥራቸው ይቀንሳል። የቀድሞው ሐዲድ በልዩ ልዩ ስፍራ ተነቅሏል። የነዚህ ሰዎች ቃል ግን ገና አልተነቀለም። ፎቶግራፉን ከመለጠፋችሁ አስቀድሞ ለአንዳቸው አሳዩት፤ የነገሯችሁንም፥ ማን መቼ እንደ ነገራችሁ ጨምራችሁ፥ ከሥሩ ጻፉት። የተሳሳተውንም ማረም አያሳፍርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲሱ ሐዲድ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፤ ባቡሩም እንደ ቀድሞው እየጮኸና እየጤሰ ከሩቅ አይታወቅም፥ ቶሎም አይቆምም። የአዋሽ በረሃ ከብት አርቢዎች ይህን በግመሎቻቸውና በላሞቻቸው ዐውቀውታል። ስለዚህ የምታነሡ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ሁናችሁ አንሡ።

ያን ዕለት ሽማግሌውና ልጁ ስድስት ሥዕሎች ተመለከቱ። የአዋሽ ነው የተባለውን ጽሑፍ ልጁ እዚያው ተቀምጦ አረመው፤ ቦታውን ሽማግሌውም ስላላወቁት «የጭነት ባቡር፥ ቦታው ያልታወቀ» ብሎ ጻፈበት። የቀሩትን ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጣጥረው ተለያዩ።