ዓይናችሁን ወደ ጣና

ባሕር ዳር ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ ለምትውሉ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ከጣና ማዶ፣ ጎንደር ከተማ፣ በኮምፒውተር የሚሠሩ የባንክ ሠራተኞች ላይ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 73 በመቶዎቹ እንደ ብዥታ፣ የዓይን መቅላትና ራስ ምታት ያለ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአራት ሰው ሦስቱ ማለት ይቻላል! ቀላል አይደለም።

ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን ማርገብገብ እንረሳለን፤ የሚያረጥበው እንባ ሳይታደስ ይደርቃል። በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ይብሳል። ሌላም አለ፦ ቅርብ ለማየት የዓይን ውስጥ ጡንቻ ተኮማትሮ ይቆያል፤ ሸክም ይዞ እንደቆየ ክንድ ይዝላል። የሚፈታው ሩቅ ሲያዩ ነው። ስለዚህ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል፣ ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ተመልከቱ። መስኮታችሁ ወደ ሐይቁ ከሆነማ ታድላችኋል፤ የደንገል ታንኳውን በዓይናችሁ ሸኙት።

ስክሪኑ የክንድ ርዝመት ያህል ይራቅ፣ ከዓይናችሁም ትንሽ ዝቅ ይበል። ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል ለሚባለው መነጽር ግን ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩሉ፤ ድካሙን ስለመቀነሱ አሳማኝ ማስረጃ የለም። አርፋችሁም ብዥታው ካልለቀቃችሁ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።