ነሰቡ የጠፋበት ሐኪም
በመራዊ ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች የተደረገ ንግግር



ስለ የቲሙ ምግብ፣ ልብስና ደብተር ብዙ ተብሏል፤ እናንተም ከተባለው በላይ ሠርታችኋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ የቲሙ የአባት ስም ነው።

በአገራችን በጎጃም ዘር መቁጠር የሽማግሌዎች ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል እየቆጠረ አገሩን እስካቀናው እስከ አቅኚው አባት መድረስ ነበረበት። ቆጠራው ከተቋረጠ እርሻው ተቋረጠ። ሙስሊሙ ግን በአብዛኛው ከርስት የተገለለ ስለነበር በሽመናና በንግድ ኖሯል። ርስት ባይኖረንም ነሰብ ነበረን፤ ማን ለማን መሕረም እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚወርስ የሚታወቀው በእርሱ ነውና። ፈራኢድን የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ ስም ከተሳሳተ የውርሱ ክፍፍል በሙሉ ይበላሻል።

አሁን ወደ አንድ ሐኪም ታሪክ ልውሰዳችሁ። ሰውየው ክርስቲያን ናቸው፤ ታሪካቸው ግን የየቲም ሁሉ ታሪክ ነው።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን ሲያጠፉ፣ በአምባው ላይ ከወላጆቹ የተለየ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው የጎንደር ልጅ ተገኘ። ቻምበርሊን የተባለ የጦር መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። እርሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ ማለት ነው። ከዚያም ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ቻርልስ የመጀመሪያው አሳዳጊ፣ ማርቲን የሁለተኛው ስም ነው። የወለደው አባት ስም በመካከሉ የለም።

በላሆር ሕክምና ተማረና በ1882 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ በኋላም በኤድንብራ ትምህርቱን አጠናክሮ በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። ደመወዝም፣ ክብርም፣ ማዕረግም ነበረው። አሳዳጊዎቹ ያደረጉለትን በጎ ነገር መካድ አይገባም፤ አስተምረውታል። ግን የኢትዮጵያ ጦር በየካቲት 1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል ማድረጉን በሰማ ጊዜ ልቡ አላረፈለትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ደረሰ። ቋንቋውን የማያውቅ፣ ዘመዱን የማያውቅ ሐኪም ድንኳን ተክሎ በሽተኛ ማከም ጀመረ። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ መጣ የሚለው ወሬ ሲዛመት አያቱ መጡ። በሕፃንነቱ በአካሉ ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው ለዩት። ስሙ ወርቅነህ፣ አባቱም እሸቴ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተብለው በታሪክ የምናውቃቸው፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ስማቸውን ያገኙት ከአንዲት አሮጊት ትዝታ ነው።

የዘር ሐረጋቸው ከዚያ በኋላ ቀጠለ፤ አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ ጣልያን በወረረን ጊዜ በለንደን የአገራችን መልእክተኛ ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ በየካቲት 1929ኙ ጭፍጨፋ ጊዜ ተገደሉ። እርሳቸው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያው አምባ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ ነበር። የእርሱን ነሰብ የማያውቅ አልነበረም። ሆኖም በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ፤ አፅሙ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄም በ2015 ዓ.ም. ተቀባይነት አላገኘም። ስሙ የታወቀው እዚያው ሲቀር ስሙ የጠፋበት ተመለሰ፤ የአላህ ሥራ ነው።

በእኛም ታሪክ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ አሉ። በልጅነታቸው ተማርከው ተሸጡ፤ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት አደጉ፤ አባታቸው ፈልገው ሲያገኟቸው እንኳ ከረሱል ጋር መቅረትን መረጡ። ሰዎችም ዘይድ የሙሐመድ ልጅ ይሏቸው ነበር። ከዚያም በሱረቱል አሕዛብ ልጆችን በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራ፣ አባታቸው ካልታወቀም በሃይማኖት ወንድሞቻችን እንደሆኑ ታዘዝን፤ ዘይድም ወደ ሓሪሣ ተመለሱ። ፍቅሩ አልቀነሰም። ልጃቸው ኡሳማ ከሐበሻይቱ ከኡሙ አይመን ተወልደው ጥቁር በመሆናቸው ሰዎች ነሰባቸውን ሲጠራጠሩ፣ አንድ ዐዋቂ የአባትና የልጁን እግር አይቶ ዝምድናቸውን መሰከረ፤ ረሱልም እጅግ ተደሰቱ። የአሮጊቷን ጠባሳ ማየት ሳስብ ይህ ይመጣብኛል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከእኛ መካከል የቲም የሚያሳድግ ሰው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ በገዛ ስሙ ያስመዘግበዋል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጁ እንዳይሸማቀቅ ብሎ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ነገ ከእኅቱ ልጅ ጋር ሳያውቅ ኒካሕ ቢታሰርለትስ? የአባቱ መሬት ወይም ቤት ሲከፈል ማን ብሎ ይቀርባል? ለልጁ ከንብረታችሁ ልትሰጡት ብትፈልጉ በሕይወት ሳላችሁ ስጦታ ስጡት፣ ወይም ከሲሶ በማይበልጥ ወሲያ ጻፉለት። ስሙን ግን አትንኩበት።

የአገራችን ሕግም ለዚህ ያግዛል። የልደት ምዝገባ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሥርዓት ይካሄዳል። የውጭ አገር ጉዲፈቻም በ2010 ዓ.ም. ተከልክሏል፤ ከዚያ በፊት የሄዱት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ዛሬ ጎልምሰው እናታቸውን ፍለጋ የሚመጡ አሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በየቲሙ መዝገብ ላይ የአባትን፣ የአያትንና የቅድመ አያትን ስም ጻፉ፤ የእናቱን ወገን አትርሱ፤ የአክስትና የአጎት ስም፣ የተወለደበትን ጎጥ፣ በአካሉ ላይ ያለውን ምልክትም ጨምሩ። አንድ ቅጂ በማኅበሩ፣ አንድ ቅጂ በአሳዳጊው ቤት ይቀመጥ። ይህን የሚያውቁት አያቶች አርጅተዋል። በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ እዚሁ መራዊም ያሉትን ከክረምቱ በፊት ሄደን እንጠይቃቸው፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል።