መንበሩ ሲዛወር
(በደብረ ብርሃን ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ቪሴንተር ሰርቨር እድሳት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በቅድሚያ በሐሳቤ የመጣችው ይህችው የተሰበሰብንባት ከተማ ናት። «ከተማ» የሚለው ቃል ቀድሞ የንጉሥና የሠራዊት ሰፈር ማለት እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ እስኪረጉ ድረስ ቤተ መንግሥቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወር ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዛውረዋል። መንበር ሲዛወር ግን ገበሬው ማረሱን፣ ገበያውም መዋሉን አይተውም። የዛሬው ጉዳያችንም እንዲሁ ያለ የመንበር ዝውውር ነው።

ቪሴንተር ቢቆም ቨርቹዋል ማሽኖቹ አይቆሙም። አንድ ሰርቨር ቢወድቅ እንኳ በእርሱ ላይ የነበሩትን ማሽኖች በሌሎቹ ላይ የሚያስነሣው አሠራር በሰርቨሮቹ በራሳቸው ውስጥ ስላለ ሥራውን ይቀጥላል። የሚቋረጠው ማየትና ማዘዝ ነው፤ ማሽንን ሳያጠፉ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማሻገር፣ ጭነትን ማመዛዘን፣ በቪሴንተር በኩል አዲስ ማሽን መፍጠር፣ በእርሱ በኩል የሚወሰደውም መጠባበቂያ ቅጂ ይቆማል።

«ታዲያ ለጥቂት ሰዓት ባናይ ምን ይጎዳናል?» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ሳገለግል ከ7ኛው ወደ 8ኛው እትም ለመሸጋገር በሌሊት ሥራ ጀመርን። የተጠቀምንበት አሠራር የአሮጌውን አገልግሎት አስቀድሞ ዘግቶ መረጃውን ወደ አዲሱ የሚገለብጥ ነበር። በመካከሉ መብራት ጠፋ፤ የአንዱ ሰርቨር ባትሪ አርጅቶ ኖሮ ወዲያው ወደቀ። ማሽኖቹ በሌሎቹ ላይ ተነሥተዋል፤ የትኛው የት እንደ ተነሣ ለማወቅ ግን በየሰርቨሩ እየገባን ስንቆጥር አደርን። የደመወዙን ማሽን ጭነት በበዛበት ሰርቨር ላይ ሲንፏቀቅ አገኘነው። ወደ ሌላ የሚያሻግረው ስላልነበረ በዚያ ቀን ደመወዝ ሳይከፈል ቀረ። ሰልፉን በመስኮት እያየሁ ምን ያህል እንዳፈርሁ አልረሳውም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በወጣው በ8.0 ሁለተኛ ማሻሻያ፣ በየተቋማቱ የሰርቨር ክፍል ሊሠራበት የቻለው የእድሳት ስልት ይህንኑ ችግር ለማቃለል የታሰበ ነው። አዲሱ ቪሴንተር በጊዜያዊ አይፒ አድራሻ በአሮጌው ጎን ይተከላል፤ አሮጌው ሥራውን ሳያቋርጥ መረጃው ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገውም ለውጥ ይከተለዋል። ርክክቡ በደረሰ ጊዜ ብቻ የአሮጌው አገልግሎት ይቆማል፣ የቀረችው ጥቂት መረጃ ታልፋለች፣ ስምና አድራሻ ለአዲሱ ይሰጣል። ማቋረጡም ብዙውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ ያህል አይበልጥም። በመጀመሪያ ያልተካተቱት አደረጃጀቶች በ2024 በሦስተኛው ማሻሻያ ተጨምረዋል።

የ7ኛው እትም አጠቃላይ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ ለ8ኛው የተቆረጠለት ቀን ኦክቶበር 2027 ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ከብዙዎቻችን ደጅ መድረሱ አይቀርም።

አምስቱ ደቂቃ ግን የሚገኘው አስቀድሞ በተደከመበት ነው። ቪሴንተር ከሰርቨሮቹ ቀድሞ ይታደሳል፤ ይሁን እንጂ አዲሱ እትም እጅግ ያረጀ የሰርቨር ሶፍትዌር አያስተዳድርምና የእያንዳንዱን እትም አስቀድሞ ማመሳከር ይገባል። የመጠባበቂያ ቅጂ ሶፍትዌሩም አዲሱን ማወቅ አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ስምን ወደ አድራሻ፣ አድራሻንም ወደ ስም የሚመልሰው ዲኤንኤስ በሁለቱም መንገድ ይፈተን። የሰርቨሮቹ ሰዓት እርስ በርሱ ይስማማ። ቅጂ መውሰድ ብቻ ሳይሆን ቅጂውን መልሶ አስነሥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ እኛ በዚያች ሌሊት የያዝነው ቅጂ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ተሞክሮ አያውቅም ነበር።

ስለ ሰዓቱ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ የሚስማሙበት ባይሆንም የራሴን አሳብ ልናገር። ዝግጅቱ አሮጌውን ስለማያቋርጥ በቀን ይሠራ፤ ርክክቡም ሥራ ቀለል በሚልበት፣ የመብራትና የኔትዎርክ ባለሙያዎች ግን በሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት ይሁን። በሌሊት ብቻዬን ካገኘሁት ጸጥታ ይልቅ በቀን አጠገቤ የቆመ ኤሌክትሪሺያን ይበልጥብኛል።

አሮጌው ቪሴንተር ከርክክብ በኋላ ጠፍቶ ይቀመጣል እንጂ አይሰረዝም። አዲሱ እንቢ ካለ አዲሱን አጥፍቶ አሮጌውን ማስነሣት ይቻላል፤ ሁለቱን በአንድ ስምና አድራሻ በአንድ ጊዜ ማስነሣት ግን ክልክል ነው። በኋለኛው ሥራችን የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ቅጂ በአዲሱ በኩል መወሰዱን ካረጋገጥን በኋላ በስምንተኛው ቀን አሮጌውን ሰረዝነው።