የዕጣን ዛፍና የቆላው ሰው ኑሮ



የዛሬው ንግግራችን በቤተ ክርስቲያን ስለሚታጠነው፥ በቡናም ጊዜ ከፍም ላይ ስለሚነሰነሰው ነጭ ዕጣን ነው። ይህን ዕጣን የሚያስገኘው ዛፍ ከሚበቅልባቸው ስፍራዎች አንዱ ከመተማ እስከ ቋራ የተዘረጋው የሱዳን ወሰን ቆላ ነው።

ዕጣን የሚገኘው ዛፉን በማቍሰል ነው። ዝናም ካቆመበት ከጥቅምት ወር ጀምሮ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ ሠራተኛው ግንዱን በስለት ይፍቃል፤ የፈሰሰው ሲደርቅ ለቅሞ ያንኑ ቍስል ደግሞ ይከፍታል። ሙጫው ግን ዛፉ ከምግቡ ቀንሶ ቍስሉን የሚሸፍንበት መድኃኒት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ያለ ዕረፍት የሚደማ ዛፍ ዘሩ ያንሳል፥ ይደክማልም፤ ጥንዚዛ ይደፍረዋል። ብቅ ያለውንም ችግኝ ከብት ይግጠዋል፥ የበጋ እሳት ይበላዋል። በ2011 ዓ.ም. የታተመ የሊቃውንት ጥናት፥ ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ለጋ ዛፍ እንዳልተገኘ ገልጾ፥ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠንቅቋል። ሽማግሌ ብቻ ቀርቶበት ልጅ የማይታይበት መንደር እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ዛፉ አይነካ ብሎ ማዘዝ ይበቃልን? አይበቃም። ከአብደራፊ እስከ መተማ ያለው ገበሬ ሰሊጥና ጥጥ ዘርቶ ልጆቹን ያሳድጋል። የዕጣኑ ሥራ በፈቃድ ለኩባንያና ለማኅበር ሲሰጥ፥ የሚፍቀውም ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አገር ሲመጣ፥ የአገሬው ሰው ከዛፉ ያገኘው ጥቅም ጥቂት ሆኖ ኖሯል። ጥቅሙን ያላየበትን ዛፍ መንጥሮ ሰሊጥ ቢዘራ በድንቍርና ልንወቅሰው አይገባም፤ ሒሳቡን ዐውቆ ነው።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። የሚፋቀው ስፍራ ቍጥር በግንዱ ውፍረት ልክ ይሁን፤ ደኑ በተራ ተከልሎ ለጥቂት ዓመታት ይረፍ፤ ከብትና እሳት ከችግኙ ይራቁ። ይሁን እንጂ ዕረፍትም ዋጋ አለው። ይህን ዋጋ የደኑ ጎረቤት ብቻውን እንዲከፍል ከተፈረደበት መጥረቢያውን ያነሣል። ከዕጣኑ ገንዘብ ድርሻው በእጁ ሲገባ ግን ጠባቂው ራሱ ይሆናል።

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሁላችን የፈቃድ ወረቀትን እናውቃለን። የኪሎው ብዛትና የግብሩ ልክ በሚጻፍበት ወረቀት ላይ የዛፉ የዕረፍት ዘመንና የመንደሩ ድርሻ አብረው ይጻፉ። ማኅተም ከመምታታችን በፊት እነዚህን ሁለት መስመሮች እንፈልግ። የወደቀ የዕጣን ዛፍን መተካት ከአንድ ሹም የሥራ ዘመን የረዘመ ዕድሜ ይጠይቃልና።